ስማቸው በካታንጋ የቀረ ቡድኖች

አማርኛ ቤት ሲወድቅ፣ ትዳር ሲለያይ፣ ማኅበር ሲበተን አንድ ቃል ይበቃዋል፤ «ፈረሰ» ይላል። የእግር ኳስ ቡድን ሲጠፋም የምንለው ያንኑ ነው። ተሸነፈ ያሉት ቡድን በሳምንቱ ያሸንፋል፣ ወረደ ያሉትም በዓመቱ ይወጣል። ፈረሰ ከተባለ ግን ማልያው ከመጋዘን ይገባል፣ ልጆቹም ቦርሳቸውን አንግበው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በእኛ ሰፈር ጋሼ የምንላቸው ጎረቤት አሉ። በወጣትነታቸው ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ተጫውተዋል። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ከመሳቢያ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ አውጥተው ሰጡኝ። ፎቶው ወይቧል፣ ማኅተሙ ግን አሁንም ይነበባል። «የሥራ መደብ» ከሚለው ፊት ለፊት «ረዳት መጋዘን ጠባቂ» ተብሎ ተጽፏል። «መጋዘኑን አንድ ቀን ገብቼ አላየሁትም፤ እኔ የግራ ክንፍ ነበርኩ» አሉኝ። ቡድኑ የፈረሰ ዕለት ወሬውን የሰሙት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ታኬታቸውን ይዘው ለልምምድ ሊወጡ ሲሉ ሰው ተሰብስቦ አዩ፤ ቀረብ ብለው ሲያነቡ ቡድኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዘጋቱን የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነበር። በማግስቱ እውነተኛ መጋዘን ጠባቂ ሆኑ።

የኢትዮጵያ ክለቦች ታሪክ አብዛኛው በዚህ መታወቂያ ላይ ያለ ይመስለኛል። ተጫዋቹ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ቡድኑ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። የተወለደውም በደብዳቤ፣ የሞተውም በደብዳቤ ነው። ደጋፊው በአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች፣ በካታንጋና በሚስማር ተራ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ቢጮህም በዚያ ደብዳቤ ላይ ፊርማ የለውም።

አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ከኋላቸው ሚኒስቴርም ፋብሪካም አልቆመም። የአራዳ ልጆች ቡድን ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ክለቡም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሰው እንደሚያስበው የክለብን ስም መቀየር ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ወራሪው ባልደከመበት ነበር።

ጣሊያን በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም ካምቦሎጆ ሜዳ ላይ የሚገናኙት ቡድኖች አምስት ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን፣ ቢ.ኤም.ኤም.ኢ.። አዲስ አበባ ያኔ ትንሽ ከተማ ናት፤ ቢሆንም በአንድ ሜዳ ላይ አምስት ቋንቋ ይሰማ ነበር። አርመኖቹ ከሩቅ አገራቸው የተራራቸውን ስም ይዘው መጥተው ኮረብታችን ሥር ተጫወቱበት።

እ.ኤ.አ. በ1944 በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ዛሬ የለም፤ ተልዕኮው ሲያበቃ አብሮ አበቃ። ደጋፊ ትቶ አልሄደም፣ ሰፈርም ትቶ አልሄደም። የማኅበረሰቦቹ ቡድኖችም ዕጣ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ግሪኩም አርመኑም ቁጥሩ እየመነመነ ሄደ፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የንብረት መወረስ ሲመጣም የቀረው ብዙው ሰው ሻንጣውን አነሳ። ቡድን ያለ ሕዝብ አይቆምም። ከአምስቱ ዛሬም በዋናው ሊግ ደጋፊ የሚያሰልፈው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው፤ እሱም የቆየው የሰፈሩ ሰው ስላልለቀቀው ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ የአስመራና የድሬዳዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያን ዋንጫ የወሰዱት ቡድኖች ስም ቢደረደር የዛሬ ወጣት ግማሹን አያውቀውም። ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይ፣ ቴሌ፣ አስመራ፣ እምባሶይራ። የአስመራው ቴሌ በ1969 እና በ1970 በተከታታይ ሻምፒዮን ነበር፤ እምባሶይራ በ1974 ወሰደ፣ ከዚያ በኋላ ከአስመራ ሻምፒዮን አልመጣም። ያጠፋቸው በሜዳ መሸነፍ አይደለም። ጦርነት መጣ፣ ኋላም ድንበር በመሃል ቆመ።

በእኔ ግምት ግን ከፈረሱት ሁሉ በላይ ሊነገርለት የሚገባው የድሬዳዋው ኮተን ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ነበር። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሦስት የሠራተኛ ቡድኖች ሻምፒዮን ሆነው ወጥተውላታል። የባቡር ሠራተኞቹ ምድር ባቡር አንድ ጊዜ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ኢትዮ ሲሚንቶ አንድ ጊዜ፣ ኮተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደጋግሞ፣ ከዚያም በ1983 እንደገና። አንዱ ጥጥ ይፈትላል፣ አንዱ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ሦስተኛው ፉርጎ ይጎትታል፤ እሑድ ሲሆን ግን ሁሉም ለዋንጫ ይወጣል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። የአስመራ ልጅ ነው፤ ከወንድሙ ከኢታሎ ጋር ለኮተን ተጫውቷል። እነ መንግሥቱ ወርቁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ እነ ቫሳሎ ከድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ መጥተው በአንድ ማልያ ተሰለፉ። የዚያን ቀን ድል ሁላችንም እንጠቅሳለን፤ ድሉን ያስገኙት ልጆች ከየትኛው የፋብሪካ በር ወጥተው እንደመጡ ግን ስንጠቅስ አይሰማም።

የኮተን ታሪክ እዚያ ላይም አያበቃም። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1964–65፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አክራ ላይ ተገናኙ። የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ አራተኛው የድሬዳዋው ኮተን። ኮተን በግማሽ ፍጻሜው በስታድ ማሊያን ተሸንፎ ተመለሰ፣ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። ዛሬ ክለቦቻችን ከቅድመ ማጣሪያው ባለፉ ቁጥር ደስ ይለናል፤ ደስታውም ይገባል። ከስልሳ ዓመት በፊት ግን የአንድ ክር ፋብሪካ ሠራተኞች ከአህጉሩ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነው ነበር። ድሬዳዋ ስሄድ ሁልጊዜ ይህን ነገር የሚያስታውስ ሐውልት ባይ እመኛለሁ።

ለምን ፈረሰ? ክለቡ በፋብሪካው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ነበር። ፋብሪካው ሲያስነጥስ ክለቡ ይታመማል። ማሽን ሲያረጅ፣ ገበያ ሲጠፋ፣ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር መጀመሪያ የሚቆረጠው ወጪ ኳስ ነው፤ ኳስ ክር አይፈትልም። ማንም ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። የመሥሪያ ቤት በጀት የሚሠራው እንዲህ ነው።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ያ የ1954 ዓመት ለኮልፌም ትልቅ ዓመት ነው። ኢትዮጵያ ዋንጫ ባነሳች በዚያው ዓመት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሰልጠኛ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ኮልፌ ለረጅም ጊዜ የፖሊስና የወታደር ሰፈር ነበረች፤ ስለዚህ ልጆቿ መጀመሪያ ያወቋቸው ቡድኖች የዩኒፎርም ቡድኖች ናቸው። የክብር ዘበኛው መቻል፣ ምድር ጦር፣ አየር ኃይል፣ የፖሊሶቹ ኦሜድላ። ኦሜድላ ስሙን የወሰደው ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉበት የሱዳን ድንበር ስፍራ ነው። የጦር ቡድን ጥቅሙ ዳቦው የማያልቅ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ስሙ አብሮት መውደቁ ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ከነቡድኑ ተበተነ፤ በምትኩ የመጣው «መከላከያ» ተባለ። በ2014 ዓ.ም. ክለቡ «መቻል» የሚለውን የድሮ ስሙን መልሶ ወሰደ። ዜናው በተሰማ ጊዜ ጋሼ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ለመቻል ተጫውተው አያውቁም። «ስም ከተመለሰ ሌላውም ይመለሳል» ነው ያሉት።

የ1966ቱ አብዮት ፋብሪካዎቹን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ የመሥሪያ ቤት ቡድን የአገሩ ብቸኛ ሥርዓት ሆነ ማለት ይቻላል። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንኮች፣ ቡና። በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር ሻምፒዮን የሆነው መብራት ኃይል ነው፤ በ1993 አጥቂው ዮርዳኖስ ዓባይ በጎል ሲያንበሸብሸው እንደገና ወሰደ። በእነዚያ ዓመታት ቅዳሜና እሑድ በራዲዮ የሚጠሩ ስሞች ነበሩ፤ ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጉና፣ ኒያላ፣ ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ ሐረር ቢራ፣ ሙገር ሲሚንቶ። የጭነት መኪና፣ ንግድ፣ ስኳር፣ ቢራ፣ ሲሚንቶ፤ ውጤት ሲነበብ የምጣኔ ሀብት ዘገባ ይመስላል። ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ አንዳቸውም የሉም።

ሙገር ሲሚንቶን ለብቻው ላንሳው፤ ወደ ሙገር የሚወስደው መንገድ ከዊንጌት በአስኮ በኩል አድርጎ በእኛው በኩል ነው የሚያልፈው። የመሥሪያ ቤት ክለብ ማለት ኳስ ብቻ እንዳልነበረ ሙገር ያሳያል። ቀነኒሳ በቀለ የሮጠው በሙገር ሲሚንቶ ክለብ ውስጥ ነው። አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከበጀቱ ቀንሶ ከገጠር ለመጣ ልጅ ደመወዝ፣ ጫማና አሰልጣኝ ሰጠ፣ ልጁም የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ስለ መሥሪያ ቤት ቡድኖች መጥፎውን ብቻ ለሚያወራ ሰው ይህን ሳልነግር አላልፍም። በዚያ ሥርዓት ያልገባ ልጅ የሚሮጥበት ሌላ በር በአገሩ ብዙም አልነበረም።

በሌላ በኩል፣ ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርጎ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ሜታ አቦ ቢራ አለ፤ እሱም የራሱ ቡድን ነበረው። በ2004 ዓ.ም. ፋብሪካውን የእንግሊዙ ዲያጆ ገዛው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሐረርና በደሌ ቢራ ፋብሪካዎች ለሆላንዱ ሄኒከን ተሸጠው ነበር። ገዢው ሂሳብ ሲመረምር ጋኖቹን ይቆጥራል፣ መኪኖቹን ይቆጥራል፣ በመጨረሻ ደግሞ ሃያ ምናምን ወጣቶች ደመወዝ መዝገብ ላይ ያገኛል። ከቢራ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው መጠየቁ አይቀርም። ከድሮው ሠራተኛ በቀር መልስ የሚሰጠው የለም።

ጎንደር ላይ የሆነው ከሁሉም ይልቅ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ፋብሪካው ቡድኑን አፈረሰው። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ወጣ፤ በ2013 ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ከተማ ናት፣ አንድ ሕዝብ ነው። አንዱ ቡድን በወረደ ጊዜ ባለቤቱ ተወው፤ ሌላው በታችኛው ሊግ ስንት ዓመት ሲንከራተት ሕዝቡ አልተወውም። «ከነማ» የሚለው ቃል ራሱ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው፤ መድኃኒት ቤቶቹ ላይ የምናነበው ያው ቃል ነው። በእርግጥ የከተማ ቡድኖችም ዛሬ የሚኖሩት በአብዛኛው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በ2011 ማብቂያ ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የወሰነው ያ የሕዝብ ገንዘብ ሲፈስ አይቶ ነው። ቢሆንም ቡድን ሲወርድ የሚያለቅስለት ሰው መኖሩና አለመኖሩ ልዩነት አለው።

ደደቢትን ያየ ይህን ያውቃል። የብድርና ቁጠባ ተቋም ቡድን ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አደገ፤ በ2005 ዓ.ም. እነ ጌታነህ ከበደን ይዞ ሻምፒዮን ሆነ። ኳሱ ያማረ ነበር፤ ተጋጣሚው እንኳ አይክደውም። ግን ደደቢት ሲጫወት ስታዲየሙ ይሳሳ ነበር። ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ዳፍ ትራክ የኔ ነው የሚል ሰፈር አልነበረውም። ኋላ ወደ መቀሌ ተዛወረ፣ በ2011 ከሊጉ ወረደ፤ በ2013 ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ በኋላ በ2017 መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ወደ ሊጉ ሲመለሱ ደደቢት ከነሱ ጋር አልነበረም። ሦስቱን ሲጠብቅ የቆየ ሕዝብ ነበር።

በአሜሪካ ቡድን ከከተማ ወደ ከተማ መዛወሩ የተለመደ ነው። የብሩክሊን ዶጀርስ የሚባለውን የቤዝቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957 ማብቂያ ባለቤቱ ሎስ አንጀለስ ወስዶታል፤ የብሩክሊን ሽማግሌዎች ለብዙ ዓመት አልረሱለትም። እዚያ ባለሀብት ቡድኑን ጭኖ ይሄዳል፣ እዚህ ሥራ አስኪያጅ ወረቀት ፈርሞ ይዘጋል። ሜዳው ዳር የሚቀረው ሰው ግን ያው ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ በ1999ኙ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ነበረባት፤ ዛሬ ስንት እንደደረሰ ከአጣና ተራ እስከ ቤተል ያለውን የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ያየ ይገምተው። አገር የሚያህል ሰው ነው። ሆኖም እኔ በማስታውሰው ዘመን ሁሉ የሰፈራችን ጎበዝ ልጅ ሲወጣ ማልያው ላይ የሚጻፈው የሌላ ስም ነው፤ መብራት፣ ባንክ፣ ፖሊስ፣ ሲሚንቶ። ልጁን «የኮልፌ ልጅ» ብለን የምናነሳው እኛ ብቻ ነን። እነዚያ ቡድኖች ሲፈርሱም ከሰፈራችን የሄዱት ልጆች አብረው ከታሪክ ይወጣሉ፤ የተጫዋቾች ዝርዝር የነበረው በመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ መዝገብ ውስጥ ነውና። «ረዳት መጋዘን ጠባቂ» ተብሎ የተመዘገበውን የግራ ክንፍ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ሁሉም ግን ፈርሶ አልቀረም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን፣ የድሮው ባንኮች፣ በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ባንኩ አፈረሰው። ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመ፤ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በተመለሰበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2016፣ መቻልን እስከ መጨረሻው ጨዋታ ተፎካክሮ ሻምፒዮን ሆነ። ስማቸው ጠፍቶ የተመለሰ ሁለት ቡድኖች ለአንድ ዋንጫ ሲተናነቁ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ነገር ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለዓመታት በታችኛው ሊግ የከረመው መድን ወሰደ።

በባንኩ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ወንዶቹ በፈረሱባቸው ዓመታት የባንኩ ሴቶች ቡድን አልፈረሰም። ማልያውን ለብሰው፣ ስሙን ይዘው እየተጫወቱ ዋንጫ ይሰበስቡ ነበር። ቀድሞ ለደደቢት ትጫወት የነበረችው ሎዛ አበራም ኋላ ለዚህ ቡድን ተጫውታለች። በነሐሴ 2016 የምሥራቅ አፍሪካ ሴት ክለቦች ማጣሪያ ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተደርጎ ንግድ ባንክ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮና አለፈ።

ጨዋታውን ከጋሼ ጋር በቴሌቪዥን ነው ያየነው። ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርጉ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ወንዶቹ ሲፈርሱ እነዚህን ማን አስቀራቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ደመወዛቸው ትንሽ ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መታወቂያቸው ከቡናው ረከቦት አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ላስቲኩን በጥንቃቄ ጠቅልለው ወደ መሳቢያው መለሱት።